የሐሙስ ችሎት

ሰኞ

ሬዲዮው ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ ማዕረግ የሚባል ነገር የለም። በግል ደጃፍ ችሎት መቀመጥ፣ ሰው አቁሞ መፍረድ ክልክል ነው፤ የፈረደ ይታሰራል። አባዬ ቁርስ ላይ ነበሩ። እንቁላላቸውን ልጠው ጨው ነሰነሱበትና "ድምፁን ቀንሺው" አሉኝ። ቀነስኩት። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"በረንዳው ለሐሙስ ይታጠብ። ባለፈው ደረጃው ላይ ጭቃ ነበር።"

አያቴ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፈርደዋል፤ የአያቴም አባት። አባዬም ይኸው እስካሁን። የወሰን ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ። ከሳሽ ከደረጃው በስተቀኝ ይቆማል፣ ተከሳሽ በስተግራ፣ ተመልካች ከቧንቧው ወዲያ። አባዬ ሁለቱንም ሰምተው ሲጨርሱ ይነሱና "ፈርጃለሁ" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቃል አይጨምርም። ለዚህ ከማንም ሰባራ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው እንዲያውቀው ነው። ማን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሐሙስ

ማንም አልመጣም።

አባዬ ጥቁሩን ካፖርት ለብሰው ከጠዋት ጀምሮ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ባለጉዳይ አስገቢው ዘበኛችን ነው፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመ። ሰው በመንገዱ ያልፋል። አንዳንዱ ዞር ብሎ ያያል፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ፈጠን ይላል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ባለፈው ሳምንት የአባዬን እጅ ስሞ ነበር የሄደው፤ ዛሬ መንገድ ተሻግሮ በወዲያኛው ዳር አለፈ። እንኳን ሰው ውሻም አልገባ።

"ዝናቡ ነው" አሉ አባዬ።

ዝናብ አልነበረም። "አዎ አባዬ፣ ዝናቡ ነው" አልኳቸው።

ምሳ አልበሉም።

ቅዳሜ

ወንድሜ መጣ። ጺሙን ተላጭቷል፣ ካርዱ ላይ ከስሙ ፊት የነበረውን ማዕረግም አስፍቋል። አዲሶቹ ባለሥልጣናት ጋ በአስተርጓሚነት ገብቷል፤ ከአለቆቹ ጋር ይስቃል፣ እኛ ቤት ሲመጣ ያዝናል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። ወንድሜ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ይችላል።

"እታለም፣ ከዚያ ወንበር አውርጃቸው" አለኝ ጓዳ ወስዶ።

"አንተ አውርዳቸው። ወንድ ልጃቸው አይደለህም?"

"እኔማ እዚህ መታየቴ ራሱ..." ብሎ ተወው።

ምሳ ላይ አባዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አስቤበታለሁ" አሉ። "ሰዉ ፈርቷል። ካልመጡልኝ እሄድላቸዋለሁ። ለሐሙስ ወንበሬን ገበያው አደባባይ አውጡልኝ።"

ወንድሜ ትን አለው። አደባባዩ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ነው።

"አባዬ፣ ያስሩዎታል" አልኩ።

"ስሠራ ይሰሩኝ።"

ሳያሾፉ ነው የተናገሩት። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ያደርጉታል።

እሑድ

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደረታቸው ክረምት ክረምት ያፍናቸዋል። እስር ቤት አንድ ሳምንት አይቆዩም። ይሄን ወንድሜ አይለውም፣ እኔም ጮክ ብዬ አልለውም፤ ግን ሁለታችንም ሌላ የምናስበው ነገር የለም።

ሙሉ ቀን ስብሰለሰል ዋልኩ። ማታ ግን መላው መጣልኝ። እሳቸው የሚሹት ባለጉዳይ ነው አይደል? እንግዲህ ባለጉዳይ ይኑራቸው። ቤታችን ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሁለት ሁለቱን አጣልቼ ባቀርብላቸው፣ በሩ ተዘግቶ፣ አጥሩ ረጅም ነው፣ ማን ያያል? ዋናው ወደ አደባባይ አለመውጣታቸው ነው።

ደግሞ ሐሙስ ያለ ችሎት ምን ዓይነት ሐሙስ ነው? በረንዳው ላይ ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሰው ሁሉ ለኔም ከወገቡ ጎንበስ ይል ነበር። ለነገሩ ይሄ እዚህ ምን አገባው።

ረቡዕ

አትክልተኛውንና ዘበኛውን እቃ ቤት አስገብቼ አለማመድኳቸው። ጠቡ በመሰላል ነው፤ አንዱ ተውሶ አልመለሰም። ቀላል ነገር ነው የመረጥኩት።

"እትዬ፣ እኔ ስዋሽ ሳቄ ይመጣል" አለ አትክልተኛው።

"ከሳቅህ ገደል ገባን። ምላስህን ንከስ።"

"ስድብ ይጨመርበት?" አለ ዘበኛው። ከሁሉ የባሰው እሱ ነው፤ ገና ከአሁኑ እውነት ተቀይሟል።

ለአባዬ፣ ጊዜው ስለከፋ ባለጉዳይ በጓሮ በኩል እንደሚገባ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ

ተሳካ!

የፊት በሩ ተዘጋ። አባዬ ወጥተው ተቀመጡ። ሁለቱ ሰዎቻቸው ዕድሜ ልካቸውን እንደማያውቋቸው ባለጉዳዮች ቀኝና ግራ ቆሙ። አባዬ ደግሞ እንደ ድሮው እያዋዙ ይጠይቃሉ።

"መሰላሉ ስንት እርከን አለው?"

"ዘጠኝ" አለ ከሳሽ።

"አሥራ አንድ" አለ ተከሳሽ።

ሞቼ ነበር። አትክልተኛው ግን ወዲያው፣ "ሁለቱን የሰበረው እሱ ነው፣ ጌታዬ!" አለ። ዘበኛው በንዴት ቀላ። ልብስ አጣቢያችን ከቧንቧው አጠገብ አፏን በሻሿ ሸፈነች። አባዬ አገጫቸውን ይዘው ቆዩና ተነሱ። መሰላሉን በፈረቃ እንዲገለገሉበት፣ እስከዚያ እኛ ግቢ እንዲቀመጥ ፈረዱ።

ምሳ በደንብ በሉ። ሻይ ላይ ፈገግ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝና "ደስ ብሎሻል ዛሬ" አሉኝ። እውነትም ደስ ብሎኛል። ሰው አልገደልኩ፣ አልሰረቅሁ።

ሰኞ

ጭንቅ በጭንቅ ላይ። አዲሱ ጽሕፈት ቤት የየቤቱን ክፍል ሊቆጥር ነው። ቤተሰብ የማይኖርበት ክፍል እዚያ ለሚኖረው ሰው ይጻፋል። ወንድሜ ይሄን ሊነግረኝ ሥራ አቋርጦ መጣ። ከጓሮ ያለው የልብስ አጣቢዋ ክፍል ጥግ ላይ ነው፣ በሩ ለብቻው ወደ መንገድ ይከፈታል። እሱ ከተወሰደ ነገ ማጠቢያውን፣ ከነገ ወዲያ ኩሽናውን።

"አስወጫትና የባለቤቴን እህት እናስገባበት" አለ። "ቤተሰብ ናት።"

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አንዱን ምሳር የያዘው ግን ወንድሜ ይመስለኛል አንዳንዴ።

ማክሰኞ

ነገርኳት። በደግ ቃል ነው የነገርኳት፤ አስቀድሜ ተለማምጄዋለሁ። "ለጊዜው ነው። ዘመድ ጋ ብትሆኚ። ሥራሽ እንዳለ ነው፣ ጠዋት መጥተሽ ማታ መሄድ ብቻ ነው።"

አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ዘመድ እንደሌላት አውቃለሁ፤ እናቷ እዚያው ክፍል ነው የሞተችው፣ እሷም እዚያው ነው የተወለደችው፣ እኔ እዚህ ላይኛው ቤት በተወለድኩበት ክረምት። አንሶላውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨመቀችው።

"እሺ፣ እትዬ" አለች።

እሺ ብቻ። ትንሽ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ያለቀሰ ሰው ይጽናናል፤ እሺ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ረቡዕ

አባዬ "ነገ ማን አለ?" ብለው ጠየቁ። ማንም የለም። ዘበኛውና አትክልተኛው በመሰላሉ እውነት ተኳርፈዋል፣ አንድ ላይ አይቆሙም። ቶሎ ቶሎ አሰብኩ። የልብስ አጣቢዋን ጠርቼ፣ አንሶላ ጠፋብኝ ብላ አትክልተኛውን እንድትከስ ነገርኳት። አትክልተኛው ደግሞ ነፋስ ወሰደው ይላል።

"እኔ ልክሰስ?" አለች። "እፊታቸው ቆሜ?"

"ምን ችግር አለው? ጨዋታ ነው።"

አየችኝ። "እሺ" አለች አሁንም። ትናንት የሆነውን እንዳልያዘችብኝ አወቅሁና ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ፊቴ እስካሁን ይግላል።

በስተቀኝ ቆመች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ። አባዬ "ተናገሪ" አሏት። አንሶላውን ስጠብቅ፣

"ጌታዬ፣ የከሰስኩት እትዬን ነው" አለች። "ከክፍሌ ሊያስወጡኝ ነው።"

አትክልተኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ የሻዩን ትሪ እንደያዝኩ ነበርኩ። አባዬ ወደኔ አልዞሩም። "ተከሳሽ ትውረድ" አሉ።

ምን ይዋጠኝ! ትሪውን አስቀምጬ ወረድኩ። በስተግራ ቆምኩ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ከዚያ ሲታይ በረንዳው ከፍታው ሌላ ነው።

የአባዬ ታናሽ እህት በልጅነቷ ተስቦ ይዟት ሰው ሁሉ ሲሸሽ ያስታመመቻት የዚች ሴት እናት ነበረች። እመት አያቴ ታዲያ "ይህ ክፍል ያንቺ ነው፣ ያንቺ ልጅም ነው፤ የሚያስወጣሽ የለም" አሏት። ወረቀት የለም። ቃል ነው። እሷ ይሄን ስትናገር አባዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ተከሳሽ፣ ምን ትያለሽ?"

አባዬ፣ ይሄ ጨዋታ ነው፤ ሁሉም ጨዋታ ነው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር እንዴት ይሆናሉ? ዋጥኩት። "የሰማሁት ነገር የለም" አልኩ።

"እኔ ሰምቻለሁ" አሉ አባዬ። "በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሱሪ መልበስ ከጀመርኩ ብዙም አልሆነኝም ነበር።" ተነሱ። "ክፍሉ የሷ ነው። ፈርጃለሁ።"

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። በሌላ ተካሁላቸው፣ አመሰገኑኝ፣ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ዓርብ

ይሄ ፍርድ አይደለም። ከሳሽን የመረጥኳት እኔ፣ በሩን ያስዘጋሁት እኔ፣ ቀኑን ያዘጋጀሁት እኔ። ጨዋታ ውስጥ የተባለ ነገር ጨዋታ ነው። ይህንኑ ጠዋት ሄጄ ነገርኳት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትወጣም ደገምኩላት።

"እሳቸው ግን ፈርደዋል" አለች።

"ለመሰላሉም ፈርደዋል!"

ያደፈውን ልብስ ሰጥቻት ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ሰማሁት። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር፣ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች አላወቁኝም።

"አሁንም ይፈርዳሉ አሉ ሽማግሌው። በሩን ዘግተው።"

"አትዪኝም!"

"ሙች! የመሰላል ክስ ነበር አሉ።"

ዳቦውን ትቼ መጣሁ። እሷ ናት፣ ከሷ በቀር ማን ይሆናል ብዬ እርር ብዬ ነበር። ኋላ ግን አትክልተኛውን ሳፋጥጠው አመነ። መጠጥ ቤት ቆሞ እየተወነ ሲያሳያቸው አምሽቷል። "አጨበጨቡልኝ እኮ እትዬ" አለኝ። በገዛ እጄ ነው። ማንንም አልወቅስም።

ከሰዓት መልእክተኛ መጣ። ሐሙስ አባዬ፣ እኔ፣ ሠራተኞቹ በሙሉ ጽሕፈት ቤቱ እንድንቀርብ። ደግሞ በሐሙስ።

ረቡዕ

ወንድሜ የጽሕፈት ቤቱን ሊቀመንበር አነጋግሯል። ክፉ ሰው አይደለም ይላል። መውጫው ቀላል ነው። ሁሉም ተረት መሆኑን፣ ላረጀ አባት ማጫወቻ መሆኑን እኔ ቆሜ እናገራለሁ፤ ሠራተኞቹ ይመሰክራሉ፤ ሰው ይስቃል፤ አባዬ ቤታቸው ይገባሉ። ፍርድ ነበር ከተባለ ግን እስር ነው፣ ማንም አያድናቸውም።

"አባዬ ይሰሙኛል" አልኩት። "ፊታቸው ነው የምናገረው።"

"ከሞታቸው ውርደታቸው አይሻልም?"

ይሻላል። በእርግጥ ይሻላል። ትናንት ማታ ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ያ የክፍሉም ነገር እግረ መንገዱን ይሰረዛል፤ ግን ለሱ ብዬ አይደለም። ለሱ ብዬ እንዳልሆነ እግዜር ያውቃል።

ሐሙስ፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ ነገ ሌላ አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሁንም አቧራው ያስነጥሳል። ሊቀመንበሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ወጣት ነው። ለአባዬ ወንበር አስመጣላቸው። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም ፊት ወንበር ላይ አለ።

ተነስቼ ተናገርኩ። አባቴ አርጅተዋል፣ ዘመኑ መለወጡ አልገባቸውም፣ እንዳይከፋቸው ብዬ ሠራተኞቹን አስተወንኩ። አለቀ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አትክልተኛው ተጠራ፤ "ሁለቱን የሰበረው እሱ ነው!" ሲል ጣሪያው ሊወርድ ደረሰ። ሊቀመንበሩም እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። አባዬን አላየኋቸውም። በመሃላችን ምሰሶ ነበረ።

"አንቺስ?" አላት ሊቀመንበሩ የልብስ አጣቢዋን። "ክፍል ተፈርዶልሻል አሉ። እውነት ነው ወይስ ጨዋታ?"

እውነት ብትል ክፍሉን ታገኛለች፣ አባዬ ይታሰራሉ። እሷም ይሄን ታውቃለች፤ ወንድሜ በር ላይ ነግሯታል። ወደ አባዬ አየች።

"ጨዋታ ነው" አለች። "እትዬ እንዳሉት ነው።"

ተነፈስኩ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሳ። "እንግዲህ አባባን ወደ ቤት..." ሲል የወንበር ድምፅ ተሰማ። አባዬ ተነስተዋል። አዳራሹ ልክ እንደ ግቢያችን ጸጥ አለ። እሱን የለመደ ሰው ብዙ ነበር መሰለኝ።

"ይቺ ሴት ስለኔ ብላ ዋሸች" አሉ። "ልጄም ዋሽታለች፤ እሷ ግን ስለኔ ብቻ አይደለም።"

ማንም አልሳቀም።

"የመሰላሉ ነገር ጨዋታ ነበር። መሰላሉ የኔ ነው፣ ያሠራሁትም እኔ ነኝ። ሳቄን አፍኜ ፈረድኩ፤ ልጄን ደስ እንዲላት። ሐሙስ ለሷ ከባድ ነው። የክፍሉ ግን ጨዋታ አይደለም። ከሳሽ ቆማለች፣ ተከሳሽ ቆማለች፣ ቃሉን እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዳኛም ምስክርም መሆኔ ደግ አይደለም፤ እሱን ጥፋት አምናለሁ። ቢሆንም ፈርጃለሁ። ይጻፍ።"

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውርዶ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ፣ ከተጻፈ እኮ ይታሰራሉ" አላቸው። የሚለምን ነበር የሚመስለው።

"ይጻፍ አልኩህ።"

ተጻፈ። ወሰዷቸው። ሲያልፉ ካፖርታቸውን አስተካከልኩላቸው፤ እጄን ገለል አላደረጉትም። ወንድሜ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው የቱ ነው? እንዳልገባቸው ተናግሬ ነበር። የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እሑድ

ከእስር ቤቱ ሽቦ ወዲያ ቆመው አየኋቸው። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ከስተዋል። አሁንም ያስላሉ። ስለ ደረታቸው ብጠይቃቸው እሱን ተዪው አሉኝ።

"ክፍሉስ?"

"እዚያው ናት" አልኩ።

"እኔ እዚህ ሆኜ ምን እፈይዳለሁ? ፍርዱን የምትፈጽሚው አንቺ ነሽ" አሉ። ዘቡ ጠራቸው።

በር ላይ ወንድሜ ጠበቀኝ። ሊቀመንበሩ አንድ መውጫ ጠቁሟል። ሴትዮዋ ክፍሉን ከለቀቀች የተፈጸመ ፍርድ የለም፤ ያኔ የሽማግሌ ቅዠት ነበር ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፣ አባዬ ነገ ማታ አልጋቸው ላይ ያድራሉ። "ምንም አታድርጊ" አለኝ ወንድሜ። "ዝም ብቻ በይ። እሷንም አናግሬያታለሁ።"

መንገዱን በሙሉ ሳላቸው ይሰማኝ ነበር። ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆምኩና አንኳኳሁ። ያንን በር አንኳኩቼ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነበር የምገባው።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

ከፈተች። ፍራሿ ተጠቅልሏል፣ ድስቶቿ በጨርቅ ታስረዋል፣ የእናቷ ፎቶግራፍ ከግድግዳው ወርዷል። ዓይኗ አብጧል።

"ልወጣ ነበር፣ እትዬ" አለች። "እኔ ከሌለሁ ፍርድ የለም ብለዋል ወንድምዎ። ክፍሉ ባዶ ነው ይበሏቸው፤ ይፈቱዋቸዋል። ለኔ ብለው እዚያ ይሙቱ?"

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እሷው አስራዋለች፣ እሷው ትሸከመዋለች፣ በሩ ወደ መንገድ ነው የሚከፈተው። አባቴን እፈልጋቸዋለሁ። ሲያስሉ እንኳ እዚህ ቤት ሲያስሉ ልስማቸው። ዝም አልኩ። ብዙ ዝም አልኩ። እሷ ጎንበስ ብላ እቃውን አነሳች።

"አስቀምጪው" አልኳት።

"ምኑን?"

"እቃሽን። ተፈርዶብኛል።"